የዘራ ብቻውን አይክሰር

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ደመናን ነድቶ የደረቀችውን መሬት ለሚያረሰርሰው፣ ለሻው አስፍቶ ለሻው በልክ ሲሳይን ለሚሰጠው ጌታ። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሃቦቻቸው ላይ ይውረድ። የአላህ ባሮች ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

አማ በዕድ፤

ምዕመናን ሆይ፣ ዛሬ የማነሣው በየዓመቱ የሰውን እምነትና ጓዳ አንድ ላይ የሚፈትን ውሳኔ ነው፤ የገበሬው የመዝራት ውሳኔ። በሚያዝያ ወር የባቢሌ ገበሬ ማሳው ዳር ይቆማል። ሶማሌው ወንድማችን ጉ የሚለው፣ ሌላው በልግ የሚለው ዝናብ አንድ ሁለት ቀን ጥሏል። አሸዋማው አፈር ርሷል፤ ነገር ግን ይህ አፈር ውሃውን ቶሎ ጠጥቶ ቶሎ የሚያጣ ነው። ዛሬ ቢዘራ ዝናቡ ሊቀጥል ይችላል፤ ለሦስት ሳምንት ሊጠፋም ይችላል። ከጠፋ ቡቃያው ይጠወልጋል፤ ዘሩም ድካሙም አብረው ይሄዳሉ። እጠብቃለሁ ካለ ደግሞ ዘግይቶ የሚደርሰውና ብዙ ምርት የሚሰጠው ማሽላ ወቅቱ ያልፍበታል።

ማሽላ ይዝራ ወይስ ኦቾሎኒ? ማሽላው የልጆቹ ቀለብ ነው፤ አገዳው የከብቱ መኖና የምድጃው ማገዶ ነው። ኦቾሎኒው ልብስ፣ መድኃኒትና የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፈንበት የገበያ ብር ነው፤ ባቢሌም በማዕድን ውሃዋ እንደምትታወቅ ሁሉ በኦቾሎኒዋም ትታወቃለች። በመኸር ጊዜ ዋጋው ስንት እንደሚሆን ግን በሚያዝያ የሚያውቅ የለም። ማዳበሪያ ይግዛ? ተበድሮ ይግዛ? በመንደሩ የተፈተነውን ዘር ይዝራ ወይስ ባለሙያው ያመጣለትን አዲሱን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ መልሱ የሚገለጠው ከአምስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ውሳኔው ግን ዛሬ መወሰን አለበት። ማንም ነፍስ ነገ የምታገኘውን እንደማታውቅ ቁርኣን በሱረቱ ሉቅማን መጨረሻ ነግሮናል፤ ዝናብን የሚያወርደው አላህ መሆኑንም እዚያው አንቀጽ ውስጥ አብሮ ነግሮናል።

በዚህ ገበሬ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰነዘር እሰማለሁ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። አንዳንዱ በዲን ስም፣ ማሳውን የሚከፋፍለውን፣ እህል የሚደብቀውን፣ ለክፉ ቀን ፍየል የሚያረባውን ሰው ተወኩል፣ በአላህ መመካት፣ ይጎድለዋል ይለዋል። ሌላው በትምህርት ስም፣ አዲስ ዘርና ማዳበሪያ እንቢ ያለውን ገበሬ ለውጥ የማይገባው ግትር አድርጎ ይቆጥረዋል።

ለመጀመሪያው ፍርድ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በቂ መልስ ሰጥተውታል። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በምትባል ስፍራ ሳሉ፣ በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ይቀጥሉ ወይስ ይመለሱ? መጀመሪያ ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ በሐሳብ ተለያዩ። አንሷሮችን ጠሩ፤ እነሱም ተለያዩ። ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ እነዚህ በአንድ ቃል መመለስ ይሻላል አሉ። ዑመርም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ ይህ ከአላህ ቀደር፣ ከውሳኔው፣ መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ሽሽታቸው ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሆነ መለሱላቸው። ምሳሌያቸውን ደግሞ ከእረኛ ሕይወት አመጡት፦ ግመሎቹን ይዞ አንደኛው ዳሩ ለምለም፣ ሌላኛው ደረቅ የሆነ ሸለቆ የወረደ ሰው በየትኛውም ቢያሰማራ ያው በአላህ ቀደር መሆኑን አስረዷቸው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ከገባበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን የነገሯቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አስተውሉ፤ ዑመር የወሰኑት ማስረጃው እጃቸው ሳይገባ ነበር። የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቁ፣ አመዛዘኑ፣ ጉዳቱ የከፋውን መንገድ ተዉ። ይህን ያደረገ ሰው ተወኩል ጎደለው የሚል ማነው?

የእኛ ገበሬም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዱን ማሳ ከዳገቱ ሌላውን ከቆላው ይይዛል፤ ደመና አንዱን መንደር አጠጥቶ ሌላውን ዘሎ እንደሚያልፍ ያውቃልና። ማሽላውን አጥብቆ ይዘራል፤ ዝናቡ ከሰመረ እያሳሳ ለሰንጋው ይመግባል፣ ዝናቡ ከከዳው ደግሞ ቢያንስ መኖ አያጣም። የሐረርጌ ሰንጋ ዝናው የመጣው ከዚህ አሠራር ጭምር ነው። የመጀመሪያው ዘር ከደረቀ ፈጥኖ የሚደርሰውን ዓይነት መልሶ ይዘራል፤ እሱም ካልሆነ ወደ ኦቾሎኒ ያዞራል። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር እንደሚመጥበት ያውቃል፤ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆ በኩል ያለው ወንድሙም የዝሆን መንጋ በአንዲት ሌሊት እርሻውን ሊረግጥበት እንደሚችል ያውቃል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም የአንበጣ መንጋ ከሶማሌ ክልል እስከ ሐረርጌና ወሎ ሲወርድ ያየ ሰው፣ አዝመራው ጎተራ ሳይገባ የእኔ ነው አይልም።

ለሁለተኛው ፍርድ መልስ የሚሆን ጥናት አለ። ስቴፋን ዴርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ላይ የተሰበሰበ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ እውነት አስቀምጠዋል፦ ድሃው ገበሬ ማዳበሪያን የሚሸሸው ጥቅሙ ስለማይገባው ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ቢቀር ዕዳውን ከፍሎ ቤተሰቡን የሚያበላው እንደማይኖረው ስለሚፈራ ጭምር ነው። ሀብታሙ ቢከስር አንድ በሬ ይሸጣል፤ ድሃው ቢከስር ከልጁ አፍ ይነጥቃል። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። ይህን ሳያዩ ገበሬውን ኋላ ቀር ማለት ግፍ ነው።

በመካከላችን ያላችሁ የግብርና ባለሙያዎች ሆይ፣ የመዲናን ቴምር ታሪክ አስታውሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች ዘንባባን ሲያዳቅሉ አይተው ይህ የሚጠቅም እንደማይመስላቸው ተናገሩ። ሰዎቹም ተዉት፤ ምርቱ ቀነሰ። በዚህ ጊዜ የዱንያ ሥራቸውን እነሱ ይበልጥ እንደሚያውቁ ነገሯቸው። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ለገበሬ ልምድ ይህን ያህል ክብር ከሰጡ፣ ከቢሮ የተላከ ሰው ገበሬውን ሳይጠይቅ እንዴት ያዝዛል? አዲሱ ዘር መልካም ሊሆን ይችላል፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በዚሁ በባቢሌ አፈር ላይ ኦቾሎኒን ለዓመታት ሲመራመሩ ኖረዋል። ግን ገበሬው ከማሳው ጥግ ትንሽ ዘርቶ ይየው፤ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ ዓይን ይመዝን። አንድ ዓመት መዘግየት የከሸፈ ዓመትን ያህል አይጎዳም።

ገበሬዎች ሆይ፣ ጥንቃቄያችሁን ካከበርኩ በኋላ በአንድ ነገር ላይ ልገሥጻችሁ ነው፤ ከአዝመራ በኋላ ባለው ነገር። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብፁን ንጉሥ ሕልም ሲፈቱ የመከሩት ሰባት ዓመት ተግቶ ማረስን ብቻ አልነበረም። ያጨዱትን፣ ለምግብ ከሚበቃው ጥቂት በስተቀር፣ ከነዛላው እንዲያስቀምጡት አዘዋል። የእኛም አባቶች ለዘር የሚሆነውን ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ያስቀምጡ ነበር፤ ቅርፊቱ ፍሬውን ከተባይና ከእርጥበት ስለሚጠብቀው ነው። ዛሬ ግን ቶሎ ለመፈልፈል ወይም ሚዛን ለማስደፋት ኦቾሎኒን በውሃ የሚያርሱ አሉ። የታመቀ እርጥበት በጆንያ ውስጥ ምን እንደሚያበቅል እወቁ። አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ነው። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ መቁላትም ጨርሶ አያጠፋውም፤ ጉበትን ይጎዳል፣ ለካንሰር ይዳርጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ባቢሌን ጨምሮ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ወረዳዎች ከተወሰዱ 120 የኦቾሎኒ ናሙናዎች በ93ቱ ይህ መርዝ ተገኝቷል። ሻጋታው የሚጀምረው ማሳ ላይ ነው፤ ፍሬው ሊደርስ ሲል ዝናብ ከቀረ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ሻጋታውም በዚያ ይገባል። ይህ ከአላህ የመጣ ፈተና ነው። በውሃ ማራሱ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ ነክቶት ነው አላቸው። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም አሉት፤ ያጭበረበረም ከሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ያ ሰው እኮ ውሃውን በገዛ እጁ አላፈሰሰውም ነበር! እርጥቡን መደበቁ ብቻ ይህን ካስባለው፣ አውቆ የሚያርስ ምን ሊባል ነው? ኦቾሎኒውን ከነቀላችሁ በኋላ በደንብ አድርቁት። የጠቆረውን፣ የተጨማደደውንና የሻገተውን ልቀሙ፤ የተለቀመውንም ለልጆች አትስጡ። የምትመኩባትን ምርት ገበያ እንዳያምናት የሚያደርገው፣ ለዓመታት የለፋችሁበትን ዋጋ የሚጥለው ይህ ማጭበርበር ነው።

ይህን ተናግሬ ለእኔም ለእናንተም የአላህን ምሕረት እጠይቃለሁ፤ እናንተም ምሕረቱን ለምኑት።

*

አልሐምዱ ሊላህ፤ ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ፣ እስካሁን የተናገርኩት ይበልጡን ለገበሬው ነው። ቀሪው ለነጋዴው፣ ለአበዳሪው፣ ለደላላውና ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ደሞዙ ለማይቀርበት ሁሉ ነው። ገበሬው ከሚችለው በላይ አደጋ የሚሸከመው ሰማዩ ስለከዳው ብቻ አይደለም፤ እኛ የየራሳችንን ድርሻ በትከሻው ላይ ስለምንጭንበትም ነው።

በክረምት ጎተራው ሲሟጠጥ ገበሬው ብር ይፈልጋል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ይመጣና ገና ከመሬት ያልወጣውን ኦቾሎኒ ልግዛህ ይለዋል። ዋጋው የሚቆረጠው በፍሬው ልክ አይደለም፤ በገበሬው ችግር ልክ ነው። ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፣ እኛ በዚህ አገር በአብዛኛው የምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብ፣ በመሬት ውስጥ ተሸፍኖ ያለን ምርት ነቅለው ሳያዩት መሸጥን አይፈቅድም። ማሊኪዎች ሰፋ አድርገው ያዩታል። የክልከላው ምክንያት ግን ለሁላችን ግልጽ ነው፦ አንዱ ወገን በማያየው ነገር ሌላው ገንዘቡን እንዳይበላው። ኦቾሎኒ ደግሞ አበባው ከላይ፣ ፍሬው ከአፈር በታች ነው። ቅጠሉ ለምልሞ ፍሬው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ አፈሩ ደርቆ ከጠጠረ ከአበባው የሚወርደው ዘንግ መሬቱን ሊበሳ አይችልምና።

ሸሪዓው በሩን ዘግቶ አልተወንም፤ ዋጋው አስቀድሞ የሚከፈልበትን ሽያጭ፣ ሰለምን ሰጥቶናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለአንድ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ፍሬ አስቀድመው ሲከፍሉ አገኟቸው። አልከለከሏቸውም፤ ስፍሩ፣ ክብደቱና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዙ። በሰለም ነጋዴው ዋጋውን እዚያው በውሉ ጉባኤ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። ውሉ በአንድ ሰው ማሳ ላይ አይታሰርም፤ የሚሸጠው ዓይነቱና ጥራቱ ተገልጾ ነው። ቀኑ ደርሶ ያ ምርት ከገበያ ቢጠፋ ገዢው ሁለት ምርጫ አለው፦ እስኪገኝ መጠበቅ ወይም የከፈለውን ያህል መልሶ መውሰድ። ከዚያ በላይ አንድ ብር የለውም። ይህን ውል ጻፉት፤ ምስክር አቁሙለት። የዕዳን መጻፍ ያዘዘችው የሱረቱል በቀራ አንቀጽ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሟ ናት። ገበሬው በሐምሌ የተቀበለው ብር ለቤተሰቡ ቀለብ ይሆነዋል፣ ነጋዴው ትርፉን በሐላል ያገኛል፣ ዝናቡ ቢከዳም ወለድ ላይ ወለድ ተቆልሎ መሬቱን አይበላበትም።

ፍሬ ገዝቶ ፍሬው በመቅሠፍት ስለጠፋበት ሰውም የተነገረ ትምህርት አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሻጩ የወንድሙን ገንዘብ ያለ አግባብ በምን መብት እንደሚወስድ ጠይቀዋል። ዑለሞች ይህ ግዴታ ነው ወይስ የተወደደ ተግባር በሚለው ላይ ቢለያዩም፣ ትምህርቱ ወዴት እንደሚያመራ ያልተረዳ የለም፦ የሰማይ ጥፋት ሲመጣ አንዱ ወገን ሙሉውን ተሸክሞ ሌላው ሙሉውን ይዞ መሄድ የለበትም። ባለዕዳው ከተቸገረ እስኪመቸው መጠበቅን የሚያዘው፣ ከዚያም አልፎ ዕዳውን በሰደቃ መተው እንደሚሻል የሚናገረው አንቀጽ ደግሞ የወረደው የአራጣን ክልከላ ተከትሎ ነው።

የዘካን አሠራር ተመልከቱ። አምስት ወስቅ ያልሞላ እህል ዘካ የለበትም፤ ዓመቱ የከፋበት ገበሬ ምንም አይጠየቅም። በዝናብ ያበቀለው አንድ አሥረኛ ይከፍላል፤ ውሃ ቀድቶ፣ ለፍቶ ያጠጣው ግማሹን ብቻ፣ አንድ ሃያኛ። አላህ የራሱን ሐቅ ከገበሬው ዕድልና ድካም ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ሲያደርግ፣ የእኛ አበዳሪ ግን ዝናብ ዘነበም ቀረም ያንኑ ይጠይቃል! ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎች መኖራቸውንም አንርሳ። ዘካችሁን ስታከፋፍሉ በደረቀ ዘር ዕዳ የገባውን ጎረቤታችሁን ፈልጉት፤ እሱ ለመለመን የሚያፍር ሰው ነው።

አደጋን መካፈል ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ሐረሪው በአፎቻው፣ ኦሮሞው በጉዛው፣ ሶማሌው በጎሳ መዋጮው፣ ሌላው በእድሩ ሲረዳዳ ኖሯል። ድክመቱ ግን ድርቅ ሲመጣ ረጂውንም ተረጂውንም በአንድ ቀን መምታቱ ነው። ለዚህ ከመንደር የሰፋ መላ ያስፈልጋል። በ2010 ዓ.ም የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከሶማሌ ክልል ጋር ሆኖ ለአርብቶ አደሮች የጀመረው መድን ከሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ እያየ፣ ከመጠን በታች ሲወርድ ይከፍል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ከብቱ ከመሞቱ በፊት ብር መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው መድን ለገበሬም ቢደርስ፣ ሳተላይቱ አካባቢውን ለምለም ብሎ ሲያልፍ የአንዱ ሰው ማሳ ደርቆ ሊቀር ይችላል። መድን ሻጮች ይህንን ለገበሬው አስቀድመው በቋንቋው ይንገሩት፤ መድኑም በተካፉል፣ በመተጋገዝ ሥርዓት ይቁም። ደግሞም ከሳተላይቱ የተሰወረውን የጎረቤት ማሳ እኛ በዓይናችን እናየዋለንና፣ የዚያ ሰው ጉዳይ በእኛ ይሸፈን።

አንድ ሌላ ስጋት አለ፤ ከሁሉ የሚያመው። በ2010 ዓ.ም በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ በተባባሰው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። የባቢሌ አካባቢም ከዚያ እሳት አላመለጠም። የዘራውን ለማጨድ በቦታው መገኘቱን የማያውቅ ገበሬ ዛፍ አይተክልም፣ እርከን አይሠራም፣ መሬቱን አያዳብርም። ዝናብ በእጃችን የለም፤ የጎረቤታችን ደኅንነት ግን በእጃችን ነው። በአንድ ሶፍ ቆመን በአንድ ገበያ የምንገበያይ ሰዎች፣ ወሬ አመላላሽ በመሃላችን ሲገባ በሽምግልና አፉን ካልዘጋነው በሚቀጥለው ሚያዝያ ማንም ተማምኖ አይዘራም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ዘንድሮ ከአዝመራችሁ እያንዳንዳችሁ የቻላችሁትን ያህል፣ ከነቅርፊቱ ኦቾሎኒ፣ ተመርጦ የደረቀ ማሽላ፣ በመስጂዳችሁ ስም በአንድ ደረቅ ጎተራ አኑሩ። ጠባቂው ይታወቅ፣ መዝገቡ ይከፈት፣ የገባውና የወጣው በጁሙዓ ቀን ይነበብ። የመጀመሪያ ዘሩ የደረቀበት ሰው፣ ጎሳውና ቋንቋው ሳይጠየቅ፣ ከዚያ ዘር ወስዶ እንደገና ይዝራ፤ ሲያገኝ ያለ ጭማሪ ይመልስ፣ ካላገኘ ይቅርታ ይደረግለት። አበዳሪ የሆናችሁ ደግሞ ዛሬ ከሶላት በኋላ ወደ ቤት ስትገቡ የዕዳ ወረቀታችሁን አውጡ፤ ዝናብ የከዳውን ሰው ስም ፈልጉና እስከሚቀጥለው አዝመራ ጊዜ ጨምሩለት።

አላህ ሆይ፣ ጠቃሚ ዝናብ አውርድልን፤ ጎርፍና ማዕበል ሳይሆን ምሕረት የሆነ ዝናብ። አላህ ሆይ፣ ዘራችንን ባርክ፣ ከአንበጣና ከድርቅ ጠብቀው። ሚዛናችንን አስተካክል፣ ልባችንን ለጎረቤታችን አለስልስ። ስንወስን ምክርን፣ ወስነን ስናበቃ ባንተ መመካትን ስጠን። ለባቢሌ፣ ለጅግጅጋ፣ ለሐረር፣ ለመላው አገራችን ሰላምህን አውርድ። አሚን።

ሶፋችሁን አስተካክሉ፤ ለሶላት ቁሙ።